ቤተሰብና ወዳጅ ይዞ በብርድ ወራት ትራውት ለማጥመድ መውጣት፦ ቀኑን እንዴት ታቅዱታላችሁ?

የወንዝ ዳር ሰው ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሲከነክነኝ የቆየ ነገር አለና ላማክራችሁ። በብርድ ወራት ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ (ነፍሳት እንዲመስል ላባና ክር በተጠመጠመበት መንጠቆ) ማጥመድ ለብቻዬ ስሆን ከምንም በላይ የምወደው ነገር ነው። ወንዙ ጸጥ ይላል፤ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ይቆማል፤ ውኃው ከመጥራቱ የተነሣ ወለሉ ላይ ያለው ጠጠር ይቆጠራል። ይህን ደስታ ለብቻዬ መያዝ ስላልሆነልኝ ባለፈው ዓመት ባለቤቴን፣ የ9 ዓመት ልጃችንን፣ የባለቤቴን አባትና ሁለት ጓደኞቼን ይዤ ወጣሁ።

አልተሳካም። እንደ ልማዴ ጎሕ ሳይቀድ ቀስቅሻቸው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወንዙ ዳር ደረስን። ውኃው ላይ የተፈጨ በረዶ የመሰለ ነገር እየተግተለተለ ይወርዳል። የዘንጉ ቀለበቶች በበረዶ ተደፍነው ክሩ አልወጣም አልገባም አለ። ልጄ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ቆይቶ ጓንቱን ሲያወልቅ ጣቶቹ ነጥተው አየሁ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ሁሉም መኪና ውስጥ ገብተው ነበር። አንድም ዓሣ አልነካንም። ከዚያ ወዲህ ልጄን ስጠይቀው «አባባ፣ ሲሞቅ ብቻ ነው የምሄደው» ይለኛል።

ዘንድሮም እነዚሁኑ ሰዎች ይዤ መውጣት እፈልጋለሁ። በስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ዝንብ፣ ልጁንና ሽማግሌውንስ እንዴት አድርጌ? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።


ጥልቅ ገንዳ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ጥፋቱ የልጁም የአማትህም አይደለም። የሙቀት ወራትን ሰዓት ይዘህ ወደ ብርድ ወራት ስለገባህ ነው። በሙቀት ጊዜ ማለዳ መድረስ ይጠቅማል፤ ውኃው በረድ ብሎ ዓሣው የሚነቃው ያን ጊዜ ነውና። በብርድ ወራት ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ትራውት ደመ ቀዝቃዛ ነው፤ የሰውነቱ ሙቀት የውኃው ሙቀት ነው። ውኃው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን እንደ ልቡ ያድናል። ከ4 ዲግሪ በታች ሲወርድ የዋጠው ሁሉ ቀስ እያለ ስለሚፈጭ ብዙ መብላት አያሻውም፤ ጉልበቱንም ይቆጥባል። ስለዚህ ዝንብህን ተከትሎ አንድ ሜትር አይሮጥም፤ አፉ ድረስ ልትወስድለት ይገባል። ቦታም ይለውጣል። ውኃ ሲቀዘቅዝ የሚይዘው ኦክስጅን ይጨምራል፤ በ20 ዲግሪ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ሚሊ ግራም ያህል የሚይዘው ውኃ ዜሮ ዲግሪ ሲደርስ ከ14 በላይ ይይዛል። ታዲያ አየር ፍለጋ የሚያረፋ ፈጣን ውኃ ውስጥ ሲታገል ምን ያደርጋል? ዝግ ብሎ ወደሚፈስሰው ጥልቅ ገንዳ ወርዶ ከወለሉ አጠገብ ይተኛል። አንዱን ባገኘህበት ሌሎችም ይኖራሉ፤ በዚህ ወራት ተሰብስበው ነው የሚገኙት።

ያየኸው የተፈጨ በረዶ ደግሞ እንዲህ ነው የሚመጣው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት የሚፈስሰው ውኃ ከዜሮ በጥቂቱ ዝቅ ይልና ጥቃቅን የበረዶ መርፌዎች ይሠራል፤ እነርሱም ወለሉ ላይ ባለው ጠጠር ይለጠፋሉ። ጠዋት ፀሐይ ሲነካቸው ተነቅለው ይንሳፈፋሉ። ያ ሁሉ ታጥቦ እስኪያልፍ ድረስ ዝንብ መወርወር ድካም ብቻ ነው።

ስለዚህ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት አትድረስ፤ ከ9 ሰዓት በኋላም አትቆይ። አራት ሰዓት ይበቃል። አንዲት የውኃ ቴርሞሜትር በኪስህ ያዝ። ማለዳ 3 ዲግሪ የነበረው ውኃ በ7 ሰዓት 4 ተኩል ከሆነ ዓሣው አፉን ይከፍታል። ከማለዳ ወዲህ እየቀዘቀዘ ከሄደ ግን እቃህን ሰብስብና ወደ ቤትህ ተመለስ።


የአራት ልጆች እናት ጻፈች፦

ጋሼ ጥልቅ ገንዳ ስለ ሰዓቱ የተናገሩት እውነት ነው። እኔ ስለ ልጁ ልናገር፤ አራቱንም በብርድ ወራት ወንዝ ዳር ይዤ ወጥቻለሁና።

ልጅን ውኃ ውስጥ አታስገባው። ውኃ የሰውን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል፤ ውኃ የማያስገባ ሱሪ ቢለብስም እግሩ በብርዱ ውስጥ መቆሙ አይቀርም። ልጅ ደግሞ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ቆዳው ሰፊ ስለሆነ ከአንተ ቀድሞ ይበርደዋል። ደረቅ ዳር ላይ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ፈልገህ አቁመው። ሰውነቱ ላይ የሚያርፈው የመጀመሪያው ልብስ ጥጥ አይሁን፤ ጥጥ ላብም ውኃም ከጠጣ በኋላ ቶሎ አይደርቅም። ሱፍ ይሁን ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ። ብዙ እናቶች ካልሲ ደራርበው ጫማውን ያጠብቁታል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። የጠበበ ጫማ ደም አያስተላልፍም፤ እግሩ ይበልጥ ይበርዳል። አንድ ወፍራም ካልሲና ጣቶቹ የሚንቀሳቀሱበት ሰፊ ጫማ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን ሥራ ስጠው። ያንተ ልጅ የበረደው ቆሞ ስላየህም ጭምር ነው። የእኔ ትልቋ ቴርሞሜትር ያዥ ነበረች፤ በየግማሽ ሰዓቱ ክር አስራ ትነክርና ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። ሁለተኛው መረብ ያዥ ነበር። ትንሿን ከዳር ያለ ድንጋይ ገልብጠን እናሳያት ነበር። አንድ ቀን ከድንጋዩ ሥር ልክ እንደ ቀይ ክር የምትጥመለመል ትል አገኘችና ከእጇ ላይ አልለቅም አለች። ቀይ ያደረጋት እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላላት እንደሆነ ስነግራት «እንግዲያው ዘመዳችን ናት» አለችኝ።

ልጁ «በረደኝ» እስኪል አትጠብቅ። ወሬ ሲያቆም ወደ መኪና ውሰደው፤ ዝም ማለቱ የመጀመሪያው ምልክት ነው። አንተም ጽፈኸዋል፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ቆየ ብለሃል።


ዝንብ ቋጣሪ ጻፈ፦

እትዬ ያሏት ቀይ ትል የሚጅ እጭ ናት። ሚጅ የምንላቸው ትንኝ የሚመስሉ የማይናደፉ ነፍሳት ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ስለሚፈለፈሉ በብርዱ ጊዜ የትራውት ዋና ቀለብ እነርሱ ይሆናሉ። ስለዚህ ሣጥንህ ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ዝንቦች እቤት ተዋቸው። መንጠቆህ ከቁጥር 18 እስከ 24 ይሁን፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል። ቀይ፣ ጥቁርና የወይራ ቀለም ያላቸው፣ በቀጭን ሽቦ የተጠመጠሙ ይበቃሉ። ሰማዩ ደመና በለበሰ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ቤቲስ የሚባሉት ጥቃቅን ባለግራጫ ክንፎችም ይወጣሉ፤ ለእነርሱ ከቆቅ ዘመድ ከፌዛንት ወፍ ጭራ የሚሠራው ኒምፍ (ውኃ ውስጥ ያለ እጭ የሚመስል ዝንብ) ከተገኘ ሌላ አልፈልግም። ያን ኒምፍ ያወጣው በእንግሊዝ የኤቨን ወንዝ ጠባቂ የነበረው ፍራንክ ሶየር ነው። በክር ፈንታ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠቀመ፤ ሽቦው ላባውንም ያስራል፣ ዝንቡንም ያሰጥማል። አንድ ነገር ሁለት ሥራ ሲሠራ ደስ ይለኛል።

ዓሣው ወለሉ ላይ ነውና ዝንቡም እዚያው መድረስ አለበት። እኔ ሁለት ዝንብ እሰቅላለሁ፤ ላይኛው የተንግስተን ዶቃ ያለው፣ ታችኛው ትንሿ ሚጅ። ተንግስተን ከናስ ከእጥፍ በላይ ስለሚከብድ ዝንቡን ሳታተልቀው ታሰጥመዋለህ። የመጨረሻው ቀጭን ክር 6 ኤክስ ይሁን፤ ውፍረቱ 0.127 ሚሊ ሜትር ነው። ውኃው እንደዚህ ጠርቶ ሳለ ከዚያ የወፈረው ይታየዋል።

የሚያጓጓኝ ግን የአነካኩ ነገር ነው። በሙቀት ወራት ዓሣው ሲነካ ክሩ ላይ የታሰረው ተንሳፋፊ ጠቋሚ ዘልቆ ይገባል። በብርዱ ግን ዓሣው ከቦታው ሳይነቃነቅ አፉን ከፍቶ ይዘጋል፤ አለቀ። ጠቋሚው አይሰምጥም። ከውኃው ጋር እኩል ሲወርድ ቆይቶ ለቅጽበት ያህል ብቻ ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል። ያኔ ዘንጉን ቀስ አድርገህ ከፍ አድርግ። ከአሥሩ ስምንቱ ድንጋይ ነው፤ ሁለቱ ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ክብደቱ እጅህን ሲያወዛውዘው ትለየዋለህ። ያንኑ ገንዳ ሃያ ጊዜ ደጋግመህ አስኪድ፤ በየጊዜው አንድ ክንድ ወደ ውስጥ አስጠጋ። በብርድ ወራት ቦታ እያቀያየረ የሚዞር ሰው እግሩን ያሞቃል እንጂ ዓሣ አያገኝም።


ከግድብ በታች ጻፈ፦

ሌሎቹ ያልነኩት ነገር ቦታው ነው። ሰው ይዞ የሚወጣ ሰው ከትልቅ ግድብ ሥር የሚፈስስ ወንዝ ቢፈልግ ይሻለዋል። ውኃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ የሐይቁ ፊት በረዶ ቢሠራም ከታች ያለው ውኃ ወደ 4 ዲግሪ ተጠግቶ ይቆያል። ግድቡ ከታች ሲለቅቀው ወንዙ ለብዙ ኪሎ ሜትር ሳይጋገር ይፈስሳል። በአሜሪካ ከናቫሆ ግድብ በታች ያለው የሳን ኋን ወንዝ ግድቡ በ1962 ካለቀ ወዲህ በብርድ ወራት ሚጅ ይዘው ለሚመጡ አጥማጆች ስመ ጥር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በ1964 ከተጠናቀቀው የፍሌሚንግ ጎርጅ ግድብ በታች ያለው ግሪን ወንዝም እንዲሁ ነው። ከምንጭ የሚነሡ ጅረቶችም ከመሬት ውስጥ ስለሚወጡ አይጋገሩም፤ በውርጭ ማለዳ እንፋሎት ሲያጨሱ ታያቸዋለህ።

ግን አንድ ነገር አደራ። ግድቡ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ከሆነ ውኃው በሰዓታት ውስጥ ሊጨምር ይችላል። የአለቃቀቁን መርሐ ግብር ሳታይ ሰው ይዘህ አትሂድ፤ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ከሰማህ ወይም ከዳር ያለው ደረቅ ድንጋይ ሲርስ ካየህ ጊዜ ሳታጠፋ ውጣ። ለአማትህ ደግሞ ሜዳ የሆነ፣ በረዶ ያልሠራበት፣ መኪናው የሚታይበት ዳር ምረጥላቸው። ጥሩ ገንዳ ለመድረስ ሁለት ኪሎ ሜትር ከማስኬድ፣ መካከለኛ ገንዳ ላይ በርጩማ ዘርግቶ ማስቀመጥ ይበልጣል።


ጠጠር ጠባቂ ጻፈ፦

ሁላችሁም ስለ መያዝ ትጽፋላችሁ። እኔ ስለ መርገጥ ልጻፍ። ብራውን ትራውት ከብርዱ መግቢያ ጀምሮ እንቁላሏን ትጥላለች። እናቲቱ በጭራዋ ጠጠሩን ቆፍራ እንቁላሉን ትቀብረዋለች፤ እስከ ሞቃቱ ወራት መግቢያ ድረስ እዚያው ይተኛል። ያንን ጠጠር የረገጠ ሰው ሳያውቅ የቀጣዩን ትውልድ ይፈጃል። እንደ እኔ ሐሳብ በእነዚህ ወራት ወንዝ ውስጥ የሚገባ ሰው ሊኖር አይገባም ነበር። በብዙ ቦታም ይህ ወቅት ለብራውን ትራውት በሕግ የተዘጋ ነው፤ በእንግሊዝ ወንዞች በብርዱ ጊዜ ዝንብ ወርዋሪዎች ግሬይሊንግ ወደሚባለው ሌላ ዓሣ የሚዞሩት ለዚህ ነው።


ዝንብ ቋጣሪ ጻፈ፦

ጠጠር ጠባቂ፣ ያልከው ይገባኛል፤ ሁሉንም ከወንዝ ማስወጣት ግን ተገቢ አይመስለኝም። ሕጉን አስቀድሞ ማየት የሁላችን ግዴታ ነው። ወንዙ ክፍት ከሆነ ግን የእንቁላል ጎጆን መለየት ይቻላል፦ ጥልቀቱ ከጉልበት የማያልፍ፣ ዙሪያው በአልጌ ጠቁሮ ሳለ እርሱ ብቻ ተጠርጎ የነጣ፣ ጎድጓዳ የሆነና ከበስተታቹ የጠጠር ክምር ያለው ቦታ ነው። ያን የመሰለ ነገር ካየን ዞረን እንለፍ፤ እላዩ ላይ የቆሙትንም ዓሦች አንንካቸው። ጥልቁ ገንዳ ውስጥ ያሉት አርፈው የሚቀለቡ ናቸው፤ እነርሱን ከዳር ሆኖ ማጥመድ እንቁላሉን አይጎዳም።


ጠጠር ጠባቂ ጻፈ፦

ከዳር ሆኖ የሚያጠምድን ሰው አልቃወምም። ልጁ ከዳር እንዲቆም እትዬ የመከሩትም ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ነው። እንዲያውም ጎጆውን አሳዩት፤ አንድ ጊዜ ካየ ዕድሜውን ሙሉ አይረግጠውም።


ተመልሼ የወጣሁ ጻፈ፦

ከሦስት ዓመት በፊት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወጥቼ ወንዝ ውስጥ ወድቄያለሁ። ከዳር ወደ ውስጥ የተዘረጋው በረዶ ጠንካራ መስሎኝ ረገጥሁት፤ ከሥሩ ባዶ ነበር። ውኃው ደረቴ ሲደርስ መጀመሪያ የጠፋኝ እግሬ ሳይሆን ትንፋሼ ነው። ሳልፈልግ አየር እየሳብሁ ማስወጣት አቃተኝ። በኋላ ነው ያነበብሁት፦ በቀዝቃዛ ውኃ ላይ ጥናት ያደረጉት ካናዳዊው ጎርደን ጂስብሬክት አንድ፣ አሥር፣ አንድ ይሉታል። ትንፋሽን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር በወጉ የሚታዘዙበት 10 ደቂቃ ያህል፣ ከብርዱ የተነሣ ራስን እስከ መሳት 1 ሰዓት ያህል። የመጀመሪያዋን ደቂቃ ሳይደነግጥ ያለፈ ሰው ጊዜ አለው ማለት ነው።

ወገቤ ላይ ቀበቶ አጥብቄ ስለነበር ሱሪዬ ውስጥ ብዙ ውኃ አልገባም። ውኃ የሞላው ሱሪ ወደ ታች ይስባል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ችግሩ ወደ ዳር ለመውጣት ስትሞክር መክበዱ ነው። ጓደኞቼ ዘንግ ዘርግተው ጎተቱኝ። ዳር ላይ ተቀምጬ የጃኬቴን ዚፕ ልከፍት ብሞክር ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣቶች ሆኑብኝ። አንደኛው ጓደኛዬ እንደ ሕፃን ልብሴን አወለቀልኝ፤ መኪናው ውስጥ የደረቀ ልብስ በከረጢት አስቀምጦ ነበር። ያ ከረጢት ባይኖር ምን እሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ወንዝ ለማይገባውም ጭምር፣ ሙሉ የደረቀ ቅያሪ ያዙ። ጫማው ሥር ምንጣፍ መሰል ሶል ያለው ሰው አመዳይ እየተጋገረበት ስለሚያንሸራትተው ጎማና ብረት ችንካር ያለውን ይጠቀም። ያሞቃል ተብሎ የሚያዘውን የአልኮል መጠጥ ተዉት፤ የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ የውስጥን ሙቀት ያወጣል። ፔርሙዝ ውስጥ ትኩስ ነገር ይሁን።


የወንዝ ዳር ሰው ጻፈ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለቤቴም አብራኝ አንብባዋለች፤ የቅያሪውን ከረጢት ዛሬ ማታ ጀምራለች። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ቀለበቶቹ በበረዶ ሲደፈኑ ምን ይደረጋል?


ጥልቅ ገንዳ ጻፈ፦

በጣትህ አትፈልቅቀው፤ የዘንጉ ጫፍ የሚሰበረው ያኔ ነው። ዘንጉን እንዳለ ውኃ ውስጥ ንከረው፤ ውኃው ከበረዶው ይሞቃልና በጥቂት ሰከንድ ይቀልጣል። የከንፈር ቅባት ቀለበቶቹ ላይ መቀባት ጥቂት ያዘገየዋል። ዋናው መፍትሔ ግን ክሩን ደጋግሞ አለመሳብ ነው። የረጠበ ክር በቀለበቱ ባለፈ ቁጥር ጠብታ ይተውለታል፤ ያችው ጠብታ ናት የምትጋገረው። የምትፈልገውን ርዝመት አንዴ አውጣና በዚያው ልክ እያነሣህ አስቀምጥ። ቅርብ ለቅርብ ካጠመድህ ይኸው ይበቃሃል።


ሁለት ለአንድ ዘንግ ጻፈ፦

እኔ ከጓደኞቼ ጋር ስወጣ ለሁለት ሰው አንድ ዘንግ ነው የምንይዘው። አንዱ ሲወረውር ሌላው የውኃውን ነጸብራቅ የሚቆርጥ መነጽር አድርጎ ዓሣውን ይፈልግለታል፤ እጁም ኪሱ ውስጥ ይሞቃል። አንድ ዓሣ ሲገኝ ይቀያየራሉ። ወሬው የሚደምቀውም እንዲህ ሲሆን ነው። የያዛችሁትን ግን ለፎቶግራፍ ብላችሁ አየር ላይ አታቆዩት። አየሩ ከዜሮ በታች ከሆነ የዓሣው ስንጥብ ቶሎ ይጋገራል። መረቡ ውኃ ውስጥ እንዳለ መንጠቆውን ንቀሉ፤ እጃችሁ እርጥብ፣ ጓንት የሌለበት ይሁን።


የወንዝ ዳር ሰው ጻፈ፦

ትናንት ወጥተን ገባን። ሳልውል ሳላድር ልንገራችሁ።

ከረፋዱ 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስን። ከግድብ በታች የመከርኸኝን ተከትዬ አለቃቀቁን አየሁ፤ ለቀኑ አይለወጥም ነበር። ልጄ ቴርሞሜትሩን በክር አስሮ ነከረና «3 ነጥብ 5» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ። የባለቤቴ አባት ፀሐይ ያረፈበት ዳር ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ ጓደኞቼ አንድ ዘንግ ይዘው ከላይኛው ገንዳ ቀሩ።

እስከ 6 ሰዓት ተኩል ምንም የለም። ልጄ በየግማሽ ሰዓቱ ይጽፋል፤ 3.5፣ 3.5፣ 4። በመካከሉ ከባለቤቴ ጋር ሄደው ያን የተጠረገ ነጭ ጠጠር አገኙ። መንገዳችን እንዳያልፍበት ከዳር እንጨት ተከለበት።

ከ7 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል «4 ነጥብ 5 ሆነ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ አሥር ደቂቃ የሆነ አይመስለኝም፤ አማቴ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ። ጠቋሚው ለአፍታ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። እኔ አላየሁትም፤ እሳቸው አዩት። ዓሣው አልዘለለም፤ ወለሉን ይዞ ከባድ ሆኖ ዞረ፣ ዞረ፣ ቀስ ብሎም ወጣ። ልጄ መረቡን ይዞ ዳሩ ላይ ተንበርክኮ ተቀበለው። ብራውን ትራውት ነው፤ ጎኑ ላይ ያሉት ቀይ ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው ፈዘዝ ባለ ቀለበት ተከብበዋል። ልጄ ጓንቱን አውልቆ እጁን ነከረና ከመረቡ ውስጥ በመዳፉ ደገፈው። ስንጥቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ አየነው፤ ከዚያ ጭራውን አንድ ጊዜ አወዛውዞ ወደ ጥልቁ ገባ። አማቴ ምንም አልተናገሩም፤ ተመልሰው ተቀመጡና ዘንጉን ለልጁ ሰጡት።

በጠቅላላው አምስት ያዝን፤ ጓደኞቼ ሦስት፣ አማቴ አንድ፣ ባለቤቴ አንድ። ልጄ አልያዘም። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ወሬውን ሲያቆም አየሁትና ወዲያው ወደ መኪና ወሰድሁት። እየበላ ሳለ «4 ነጥብ 5 ላይ ነው የሚነሡት» አለኝ፤ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ አክብቦበት ነበር።


ጥልቅ ገንዳ ጻፈ፦

እግዚአብሔር ይመስገን። ያችን ደብተር አደራ አትጣሏት፤ ሌላ ወንዝ ላይ ቁጥሩ ይለያያል። የሚቀጥለውን ስትወጡ እዚሁ ጻፉልን።


የወንዝ ዳር ሰው ጻፈ፦

ቅዳሜ እንወጣለን ጋሼ። ልጁ ራሱ ነው የጠየቀኝ። ከ5 ሰዓት በፊት አንደርስም።